«ኪታቡል አንዋእ»፦ የዝናብን ጊዜ ከዝናብ ሰጪው የለየው ኪታብ

«ኪታቡል አንዋእ» ዐረቦች ስለ ከዋክብት፣ ስለ ወቅቶች፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ደመናና ስለ ዝናብ የነበራቸውን ዕውቀት በአንድ ላይ የሰበሰበ ኪታብ ነው። ያዘጋጁት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ የኖሩት ኢማም ኢብን ቁተይባ አድ-ዲነወሪይ ናቸው። ሙሉ ስሙ «ኪታቡል አንዋእ ፊ መዋሲሚል ዐረብ» ይባላል። ከተጻፈ ከ1,100 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአየር ጠባይ ዛሬ በሳተላይትና በኮምፒውተር በሚጠናበት ዘመን ይህ ኪታብ ለሙስሊም አንባቢ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ቢነሳ አይገርምም። መልሱ ግን ብዙዎቻችን ዛሬም ከምንጠይቀው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው፦ «ነገ ይዘንባል» ማለት ከእምነታችን ጋር ይጋጫል? በገልፍ አገሮች በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ «ሱሀይል ወጣ፣ ሙቀቱ ሊሰበር ነው» ሲባል የሚሰማው ኢትዮጵያዊስ ይህን እንዴት ይረዳው?

ጸሐፊው

አቡ ሙሐመድ ዐብዱላህ ኢብን ሙስሊም ኢብን ቁተይባ በ213 ዓ.ሂ (828 እ.ኤ.አ) ተወለዱ፤ በ276 ዓ.ሂ (889 እ.ኤ.አ) አረፉ። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በባግዳድ ነው። በዲነወር ከተማ ቃዲ ሆነው በማገልገላቸው «አድ-ዲነወሪይ» ተባሉ። እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ሐዲሶችን ያብራሩበት «ተእዊሉ ሙኽተሊፊል ሐዲስ»፣ ለጸሐፊዎች ያዘጋጁት «አደቡል ካቲብ» እና ባለ ብዙ ምዕራፉ «ዑዩኑል አኽባር» በሰፊው ይታወቃሉ። ኢብን ቁተይባ የከዋክብት ተመራማሪ አልነበሩም። የቋንቋና የሐዲስ ሰው ነበሩ፤ ኪታቡ ላይም ይህ በግልጽ ይታያል። በመግቢያቸው ላይ የፈላስፎችንና የሒሳብ ሰዎችን አካሄድ ትተው ዐረቦች በዓይናቸው አይተው፣ ደጋግመው ፈትነው ባገኙት ዕውቀት ላይ ብቻ እንደሚወሰኑ ይናገራሉ። ምክንያታቸውም ይህ ዕውቀት በየብስም በባሕርም ለሚጓዝ ሰው የሚረባ ነው የሚል ነው።

በዚያው ዘመን አቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪይም በተመሳሳይ ርዕስ ጽፈው ነበር። የእርሳቸው ኪታብ ግን ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚታወቀው ሌሎች፣ ለምሳሌ አል-መርዙቂይ፣ ከእርሱ ጠቅሰው ባስቀሩት ነው። የኢብን ቁተይባን ኪታብ ልዩ ቦታ የሰጠው አንዱ ነገር በሙሉ መልኩ እጃችን መድረሱ ነው።

ነውእ ምንድን ነው?

«አንዋእ» የ«ነውእ» ብዙ ቁጥር ነው። ጨረቃ ከከዋክብቱ መሐል ተነስታ ወደዚያው ቦታ ለመመለስ 27 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ዐረቦች ይህን መንገዷን ለ28 ማረፊያዎች ከፍለው እያንዳንዱን «መንዚል» እዚያው በሚታዩ ከዋክብት ስም ጠሩት። ቁርኣንም በሱረቱ ዩኑስና በሱረቱ ያሲን የጨረቃን መናዚል ያወሳል። ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት፣ አንዱ መንዚል በምዕራብ ሲጠልቅ በትክክል ከፊት ለፊቱ የሚገኘው ደግሞ በምሥራቅ ብቅ ይላል። የሚወጣው የሚጠልቀው «ረቂብ»፣ ማለትም ጠባቂ ይባላል። ነውእ የሚባለው ይህ የንጋት መጥለቅ ነው።

እያንዳንዱ መንዚል 13 ቀን ይይዝና ተራውን ለቀጣዩ ይለቃል። 28 በ13 ሲባዛ 364 ይሆናል። የጎደለችውን አንድ ቀን «አል-ጀብሃ» ለተባለው መንዚል ሰጥተው 14 ቀን አደረጉለትና ዓመቱን 365 ሞሉት። ወረቀትም የግድግዳ ካላንደርም ለሌለው የበረሃ ሰው ከዚህ የተሻለ ካላንደር አይገኝም፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ቃሉ ራሱ የቋንቋ ሊቃውንትን አከራክሯል። መሠረቱ ከባድ ሸክም ተሸክሞ በጭንቅ መነሳትን ያመለክታል። በሱረቱል ቀሶስ ውስጥ ስለ ቃሩን ካዝና ቁልፎች ክብደት ሲነገር የመጣው ግሥ ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው። ታዲያ «መነሳት» የሚል ቃል ለሚጠልቅ ኮከብ እንዴት ዋለ? ከፊሎቹ ስሙ በዚያው ሰዓት በምሥራቅ የሚነሳውን ተቃራኒውን ያስባል ብለዋል። ዐረብኛ ለሚማር ሰው እንዲህ ያለው ክርክር ከብዙ የሰዋስው ገጽ ይበልጥ ያስተምራል።

ለምን አስፈለገ?

የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው። ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዳን አንዴ በበጋ አንዴ በክረምት ይውላል። ለዒባዳ ይህ ራሱ ጸጋ ነው፤ ለእርሻና ለከብት ግን ወር ቆጥሮ መዝራት አይቻልም። የወሎ ሙስሊም ገበሬ የሚጾመው በሂጅራ ሆኖ የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ እንደሆነው ሁሉ፣ የሒጃዝና የነጅድ ሰውም ለዒባዳው ጨረቃን፣ ለግመሉና ለተምሩ ደግሞ ከዋክብትን ይቆጥር ነበር።

ይህ አቆጣጠር በሶሐቦች ዘንድም ሥራ ላይ ይውል እንደነበር በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበ አንድ ነገር ያሳያል። ዘይድ ኢብን ሳቢት (ረ.ዐ) ሱረያ እስክትወጣና ቢጫው ፍሬ ከቀዩ እስኪለይ ድረስ የአትክልት ቦታቸውን ፍሬ አይሸጡም ነበር። ሱረያ ተቀራርበው እንደ ዘለላ የሚታዩ የትናንሽ ከዋክብት ስብስብ ናት። ለአርባ ሌሊት ያህል በፀሐይ ብርሃን ተሸፍና ከቆየች በኋላ ሙቀቱ ሲጀምር ንጋት ላይ በምሥራቅ ትታያለች። በዚያን ጊዜ ተምሩ ለጋ ሳለ ከሚያጠቃው በሽታ አልፏል፤ ገዢውም የሚገዛውን ያውቃል። እዚህ ላይ ኮከቧ ፍሬውን አላዳነችውም። የንግድ ውሉ ከማጭበርበርና ከጭቅጭቅ የሚጠበቅበትን ቀን ነው ያመለከተችው።

የሑደይቢያዋ ሌሊት

የጉዳዩ ሌላ ገጽታ የዐቂዳ ነው። በጃሂሊያ ዘመን ብዙዎች ዝናቡን ከጊዜው ጋር ማያያዝ አልበቃቸውም፤ ኮከቡ ራሱ እንዳዘነበ ያምኑ ነበር። አንዱን ነውእ ለጋስ፣ ሌላውን ንፉግ ይሉ ነበር።

ዘይድ ኢብን ኻሊድ አል-ጁሀኒይ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መሠረት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሑደይቢያ ሌሊት ዝናብ ከዘነበ በኋላ የሱብሒን ሶላት አሰግደው ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ዝናቡን የአላህ ችሮታና እዝነት ያደረገ በአላህ ያመነ፣ በኮከብ የካደ መሆኑን፣ ዝናቡን በእገሌ ነውእ አገኘን ያለ ግን በተቃራኒው መሆኑን ከጌታቸው አስተላለፉ። ዐረቦች ለዘመናት ይናገሩት የነበረው አነጋገር በዚያ ንጋት የእምነት ጉዳይ ሆነ።

ታዲያ ስለ አንዋእ ማወቅና መጻፍ ከዚህ በኋላ ምን ቦታ አለው? የኢብን ቁተይባ ኪታብ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ዕውቀቱን አልጣሉትም፤ እምነቱንም አልተቀበሉትም። ኮከቡ አድራጊ ነው ብሎ ማመንን ከተለመደ ጊዜ ምልክትነቱ ለይተው አስቀመጡ። ከእርሳቸው በፊት ኢማሙ አሽ-ሻፊዒይ «አል-ኡም» በተባለው ኪታባቸው ይህንኑ አብራርተዋል። «በነውእ ዘነበልን» ሲል «በነውኡ ጊዜ» ማለቱ የሆነ ሰው «በእገሌ ወር ዘነበልን» እንዳለ ነው፤ ክህደት አይሆንም፤ ቢሆንም ሌላ አነጋገር ቢጠቀም እንደሚመርጡ ገልጸዋል። ለዚህም ዑመር (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ሆነው ከሱረያ ነውእ ምን ያህል እንደቀረ መጠየቃቸውንና ዐባስ (ረ.ዐ) መመለሳቸውን አንስተዋል። ዑመር ዝናብን ከአላህ ሲለምኑ የዝናብ ጊዜው ምን ያህል እንደቀረ መጠየቃቸው ከተውሒዳቸው አንዳች አልቀነሰም። ከብዙ ዘመን በኋላ ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒይ «ፈትሑል ባሪ» ውስጥ የሑደይቢያውን ሐዲስ ሲያብራሩ የነውእን ትርጉም የወሰዱት ከኢብን ቁተይባ ኪታብ ነው። ሐዲሱን በትክክል ለመረዳት ኪታቡ አስፈላጊ ሆኖ መቆየቱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የዛሬው የአየር ትንበያም በዚሁ ሚዛን ይታያል። የትንበያ ባለሙያው የአየር ግፊትን፣ እርጥበትን፣ የነፋስን አቅጣጫና የደመናን ጉዞ ለክቶ ሊሆን ይችላል የሚለውን ይናገራል። ምልክት አንባቢ እንጂ ገይብ ዐዋቂ አይደለም። በሱረቱ ሉቅማን መጨረሻ ላይ ዝናብን ማውረድ አላህ ብቻ ከያዛቸው ነገሮች መካከል ተቆጥሯል። ስለዚህ ትንበያ ሰምቶ ጃንጥላ መያዝ ወይም እህል ከአውድማ ማንሳት ሰበብን መያዝ ነው፤ «ኢን ሻአላህ» ማለት ደግሞ ቦታውን ያስይዛል።

ከዋክብቱ ራሳቸው የሰጡት ምስክርነት

ኢብን ቁተይባ የሱረያን የንጋት መውጫ በሜይ አጋማሽ፣ የንጋት መጥለቂያዋን በኖቬምበር አጋማሽ ያስቀምጣሉ። ዛሬ በገልፍ አገሮች የሚታተሙ ካላንደሮች ግን የሱረያን መውጫ የሚያደርጉት በጁን የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ስህተቱ የማን ነው? የማንም አይደለም። የምድር ዛቢያ እንደሚሽከረከር እንዝርት ቀስ እያለ አቅጣጫውን ስለሚቀይር፣ ከዋክብት የሚወጡበት ቀን ከወቅቶች አንጻር በየ70 ዓመቱ ገደማ አንድ ቀን ይዘገያል። ከኢብን ቁተይባ ዘመን ወዲህ የተጠራቀመው 16 ቀን ያህል ነው። ቀሪው ጥቂት ቀን የሚመጣው የያኔው የፀሐይ ካላንደር ከዛሬው ስለሚለይ ነው።

የነጅድ ዝናብ ግን ሱረያን ተከትሎ አልዘገየም። የዝናቡ ወቅት የተያያዘው ከፀሐይ አቀማመጥ፣ በክረምት ከሜዲትራኒያን በኩል ከሚመጣው የአየር ሥርዓትና ከቀይ ባሕር ከሚሳበው እርጥበት ጋር ነው። ኮከቡ አዝናቢ ቢሆን ኖሮ ዝናቡም አብሮት በተጓዘ ነበር። በእኔ ግምት ይህ የ16 ቀን ልዩነት የኪታቡ ጉድለት አይደለም፤ ኮከብ ሰዓት ጠቋሚ እንጂ አዝናቢ እንዳልሆነ ሰማዩ ራሱ ያቀረበው ማስረጃ ነው። ማስረጃውንም ያገኘነው ኢብን ቁተይባ ቀኖቹን በጥንቃቄ ስለመዘገቡልን ነው።

ቦታም እንደ ዘመን ልዩነት ያመጣል። ሱሀይል የተባለው ደማቅ ኮከብ በደቡብ ሰማይ ላይ የሚገኝ ነው። ከሪያድ ሲታይ ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም። አዲስ አበባ ላይ ግን እጥፍ ከፍ ብሎ፣ ቀደም ብሎም ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰማያችን በክረምት ደመና የተሸፈነ ነው። ለገልፍ ሰው የሙቀቱን መሰበር የሚያበስር ኮከብ ለእኛ ገበሬ የሚነግረው ነገር የለም። ነጅድ በክረምቱ ሲዘንብ የኢትዮጵያ ደጋ ደረቅ ነው፤ የእኛ ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አንዳንድ ጊዜ የዐረብ አገር የከዋክብት ካላንደር ወደ አማርኛ ተመልሶ «የእርሻ ምክር» ተብሎ ሲዘዋወር ይታያል። ለሌላ ሰማይ የተሠራ ካላንደር ነውና ሊታረስበት አይገባም።

የቃላት ጎተራ

ከከዋክብቱ ምዕራፎች ይልቅ እኔን የሚማርኩኝ የነፋስ፣ የደመናና የመብረቅ ክፍሎች ናቸው። የዐረብኛን ሐዲስና ግጥም ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው እንደ መዝገበ ቃላት ያገለግላሉ።

ነፋስን እንውሰድ። አራቱ ዋና ነፋሶች ሶባ፣ ደቡር፣ ሸማልና ጀኑብ ናቸው። በመካከላቸው የሚነፍሰው «ነክባእ» ይባላል። ሰው ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ቢያዞር ሶባ ከፊቱ፣ ደቡር ከጀርባው፣ ሸማል ከግራው፣ ጀኑብ ከቀኙ ይመጣሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶባ እንደታገዙ፣ የዓድ ሕዝቦች በደቡር እንደጠፉ በሚገልጸው ሐዲስ ሁለቱንም «ነፋስ» ብሎ መተርጎም መልእክቱን ግማሽ ያደርገዋል። አንዱ የምሥራቅ፣ ሌላው የምዕራብ ነፋስ ነው፤ እዝነቱም ቅጣቱም ከተቃራኒ አቅጣጫ መጡ። «ሸማል» ዛሬም በገልፍ አቧራ ይዞ የሚመጣው የሰሜን ነፋስ መጠሪያ ነው፤ እዚያ የሠሩ ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል።

ዝናብም እንዲሁ ብዙ ስም አለው። የመጸው የመጀመሪያው ዝናብ «ወስሚይ» ይባላል፤ «ወስም» ማለት በግመል ቆዳ ላይ የሚተኮስ ምልክት ነው። ዝናቡ ደረቁን ምድር በለጋ ሣር ምልክት ስለሚያደርገው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ወሊይ» ነው፤ ተከታይ ማለት ነው። የሱረያ ነውእ የተወደሰው የወስሚይ ጊዜ ውስጥ ስለሚውል ነበር። በሳዑዲና በኩዌት ዛሬም «አል-ወስም» በኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ 52 ቀን፣ ማለትም አራት ጊዜ 13 ቀን ይቆያል። በዚያ ወቅት በቂ ዝናብ ከጣለ በጸደይ በረሃው ላይ «ፈቅዕ» የተባለው ከመሬት በታች የሚበቅል እንጉዳይ ይገኛል፤ ቤተሰብ ሁሉ መኪና ይዞ ፍለጋ ይወጣል። ብልጭ ብሎ ዝናብ የማያመጣ መብረቅ ደግሞ «ኹለብ» ይባላል፤ ቃል ሰጥቶ የማይፈጽም ሰው በእርሱ ይመሰላል።

ትችቱና ዕድሜው

ኪታቡን ሁሉም አላሞገሰውም፤ ጸሐፊውንም አል-ቢሩኒይ አልማሯቸውም። ኢብን ቁተይባ ዐረቦችን ከሁሉ ሕዝብ ይበልጥ የከዋክብት ዐዋቂ ማድረጋቸውን «አል-ኣሳሩል ባቂያ» ውስጥ ተችተው፣ ይህ ዕውቀት የየትም አገር ገበሬ ካለው እንደማይበልጥ ጽፈዋል። በወገናዊነቱ ላይ ትችቱ ልክ ነው። የገበሬን ዕውቀት ማናናቁ ግን አያስኬድም። በዘመኑ በዐረብኛ ተተርጉሞ ይነበብ የነበረው የአርስጣጣሊስ የአየር ጠባይ መጽሐፍ የዝናብንና የነፋስን መንስኤ ከምድር በሚወጣ ደረቅና እርጥብ ትነት ለማስረዳት ሞክሮ ነበር፤ በተለይ የነፋሱ ማብራሪያ ዛሬ ውድቅ ነው። ዓይቶ የመዘገበው ግን ዛሬም ይፈተሻል፤ የመብራት ብክለት በሌለበት ሜዳ የቆመ ሰው ሁሉ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ኪታቡ በ1956 እ.ኤ.አ በሕንድ ሐይደራባድ በዳኢረቱል መዓሪፍ አል-ዑስማኒያ ታተመ። ያሰናዱት ፈረንሳዊው የዐረብኛ ምሁር ሻርል ፔላና ታዋቂው ዓሊም ዶክተር ሙሐመድ ሐሚዱላህ ናቸው። ቃሎቹም ከኪታቡ ወጥተው እየኖሩ ነው። በኢራቅ የአየር ትንበያውን የሚሠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስሙ ውስጥ «አል-አንዋእ አል-ጀውዊያ» የሚል አለበት። በኪታቡ ርዕስ ላይ ያለው «መዋሲም» ነጠላው «መውሲም» ነው፤ መርከበኞች ከሕንድ ውቅያኖስ ወስደውት፣ በፖርቱጋሎች አፍ አልፎ በዓለም ቋንቋዎች «ሞንሱን» ሆኗል። የእኛንም የክረምት ዝናብ ሲያብራሩ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ።

ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ከነፋስና ከደመና ክፍሎች ቢጀምር ይቀለዋል፤ የመናዚሉ ምዕራፎች ሰማይ ሳያዩ ሲነበቡ ያደክማሉ። ለእነርሱ የሚመቸው ጊዜ በአገራችን ኅዳር ነው፤ ሰማዩ ይጠራል። ሱረያ መግሪብ ካለፈ በኋላ በምሥራቅ ትታያለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ትጓዛለች። በኅዳር ማብቂያ ከሱብሒ አዛን በኋላ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው ወደ አድማሱ ስትወርድ ያገኛታል። ረቂቧ «አል-ኢክሊል» በዚያው ሰዓት በምሥራቅ በኩል ነው፤ የንጋቱ ብርሃን ግን ብዙ ጊዜ አያሳየውም።